የአያ ሽጉጥ

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ሲሪንቃን የሚያውቃት፣ የሚያውቃት ከሆነ ነው እንጂ፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በመስኮት የማሽላ ማሳ ያያል፤ ወዲያው ቀና ብሎ መርሳ ላይ ስለሚገዛው ማንጎና ብርቱካን ማሰብ ይጀምራል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በዚያች በመስኮት በምትታለፈው ሲሪንቃ ነው። ስሟ በተነሣ ቁጥር ቀድማ ትዝ የምትለኝ ግን ማሽላዋ ሳትሆን አንዲት መዳፍ የምታህል ጥቁር ሽጉጥ ናት። የአጎቴ ነበረች። የቤቱ ልጆች ሁላችን «አያ» እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም አያ ልበላቸው።

ስለ ሽጉጥ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ማን በማን ላይ እንደ ተኮሰበት ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ ወደፊትም የሚጽፈው አይጠፋም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው፣ ተኩሶባትም ሆነ ሳይተኩስባት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ጥያቄ በልቡ ያመላልሳል። በክፉ ቀን ትታመናለች ወይ? ብትሸጥስ ስንት ታወጣለች? አያ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጋር ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረዋል።

ከስሙ እንጀምር። «ጠመንጃ» የምንለው ቃል ከቱርኮቹ «ታባንጃ» ጋር ይዛመዳል። የሚገርመው ቱርኮቹ በዚህ ቃል የሚጠሩት ሽጉጥን መሆኑ ነው። እኛ ቃሉን ተውሰን ለረጅሙ መሣሪያ ሰጠነው፤ ለአጭሩ ደግሞ «ሸጎጠ» ከሚለው ከገዛ ግሳችን ስም አወጣንለት። ረጃጅሞቹ ሁሉ የፈረንጅ ስማቸውን ይዘው ነው የገቡት። ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ ውጅግራ ተባለ፤ ለበል ለበን፣ ማንሊሸርም ምንሽር ሆኑ። እነዚህ በትከሻ የሚያዙ፣ ከሩቅ የሚታዩ፣ ለባለቤታቸው ቀድመው የሚናገሩለት ናቸው። ሽጉጥን ግን ማንም ይሥራው ማን፣ የሰየምነው በሚቀመጥበት ቦታ ነው። የተሸጎጠ ነው። እርግጥ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ከተሸጎጠማ ምን ዋጋ አለው? አያ ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ሁልጊዜ በግራ በኩል ትንሽ ገለጥ ያደርጉት ነበር። ገለጥ የምታደርገዋ ቅጽበት ነች የሽጉጥ ባለቤትነት ማለት።

በታሪካችን ስሙ የገነነው ሽጉጥ የተተኮሰው ከእኛ ቀዬ በስተምዕራብ፣ ከደጋው ማዶ፣ መቅደላ ላይ ነው። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጎርሰው ተኮሱ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ በ1855 ዓ.ም. ከላከችላቸው ስጦታ አንዱ እንደ ነበር ይታመናል። ንጉሡ ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ላደረጉት ደግነት የምስጋና ምልክት መሆኑ ተቀርጾበት ነበር። አያ ይህን ታሪክ ሲያነሡ ስለ ጀግንነቱም ስለ ነፍሱም ብዙ አይሉም። የእሳቸው ነገር ወደ መሣሪያው ነው።

«ሴባስቶፖልን ያንን ሁሉ ተራራ ስንት መቶ ሰው ጎተተው!» ይላሉ። «በመጨረሻዋ ሰዓት የደረሰችላቸው ግን በመታጠቂያ የምትያዘዋ ናት።»

ነገሩ ክፉ ቢሆንም ሐሰት የለበትም። ጋፋት ላይ በፈረንጅ ባለ እጆች የተሠራው ግዙፍ መድፍ የዚያን ጦርነት ውጤት አልለወጠውም።

መሣሪያ በደጃችን ያለፈበት ሌላም ታሪክ አለ። ከመርሳ ወደ ደቡብ ዝቅ ሲባል የምትገኘው ውጫሌ በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽዋ ምክንያት በትምህርት ቤት ሁላችን የተማርናት ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ያ ውል ግን ስለ መሣሪያም የሚናገር አንቀጽ ነበረው፤ የምኒልክ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ጠመንጃና ጥይት በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ ይፈቅዳል። እኛ የምንጣላው በአሥራ ሰባተኛው ነው፤ ምኒልክ ግን ይህንኛውን አንቀጽ አስበው ሳይፈርሙ አልቀሩም እላለሁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ ከተተኮሰው ጠመንጃ ውስጥ ከጣልያን እጅ የመጣው ጥቂት አልነበረም።

በዚያ ዘመን ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትልቅ ግብይት፣ አሞሌ ጨው ለመካከለኛው፣ ጥይት ደግሞ ለመልስ ጭምር ይሰጥ ነበር። ይህን ለዛሬ አንባቢ የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ተኩሶ መሞከር ማለት ብር ማቃጠል ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው መሣሪያን የሚያውቀው ተኩሶ ሳይሆን ሰምቶ ነው። ይህቺ አትከዳም፣ ያቺ ትነክሳለች፣ የእገሌ በዝናብ ቀን ትከሽፋለች ይባላል፤ የተባለው ዋጋ ይሆናል። የአያም ሽጉጥ ዕጣ ይኸው ነው።

ሽጉጧ ቤሬታ ነበረች። ይህን ያወቅሁት ግን እኔ ነኝ፤ አያ የሚያውቋት «ጣልያኗ» በሚል ስም ብቻ ነበር። የቤሬታ ቤተሰብ ጋርዶኔ በሚባለው የሰሜን ጣልያን ሸለቆ የጠመንጃ አፈሙዝ መሥራት ከጀመረ አምስት መቶ ዓመት ሞልቶታል፤ ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት 185 አፈሙዝ ሸጦ ሒሳብ የተቀበለበት ወረቀት እ.ኤ.አ. የ1526 ነው። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ የግራኝ ዘመቻ ሊጀመር ጥቂት ዓመት ነው የቀረው። የ1934ቱ ሞዴል የሙሶሎኒ ጦር መኰንኖች የታጠቁት ነው። ባዶዋን ስድስት መቶ ስልሳ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ሰባት ጥይት ትጎርሳለች። በሠራተኞቿ ቋንቋ ጥይቷ «ኮርቶ» ትባላለች፤ አጭሯ ማለት ነው። ይህቺው አጭር ጥይት እ.ኤ.አ. በ1914 ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ ከገደለበት ከቤልጅጉ ብራውኒንግ የወጣችው ናት። አንድ ዓለም ያናወጠች ጥይትና አያ በጨርቅ ቋጥረው ከምድጃ በላይ የሰቀሏት ጥይት እኅትማማች መሆናቸውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ ሥሪቷ ካነሣን፣ ባለቤቶቿ የሚያመሰግኗት በከንቱ አይደለም። ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፤ መንደር ውስጥ የሚሰበር ነገር የላትም። ከላይ ክፍት ስለሆነች የተተኮሰው ቀልሃ የሚወጣበት ሰፊ መንገድ አለው፤ እንደ ሌሎቹ ትናንሽ ሽጉጦች ቀልሃ ነክሳ አትቆምም። ጉድለቷም የታወቀ ነው። መቆለፊያዋ ግማሽ ክብ ያህል መዞር አለበት፤ በችኮላ ጊዜ አውራ ጣት ለዚህ አይበቃም። ጥይቷም አጭር ናትና ከሩቅ ብዙ አትሠራም። «ለመሐላ የምትሆን ናት፣ ለጦርነት አይደለችም» ይሉ ነበር የአያ ጓደኞች፤ የመሐላ ጊዜ ሰው ቅርብ ነውና። በሞዴሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ለሃምሳ ዓመት ያህል በገበያ ላይ መቆየቱ ግን የተመሰከረለት ነገር እንደ ነበረው ያሳያል።

አያ ዘንድ እንዴት ደረሰች? በ1933 ዓ.ም. ነው። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ወደቀች፤ የአኦስታው መስፍን በግንቦት አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጠ። ሲሪንቃ በሁለቱ መካከል በተዘረጋው፣ ራሱ ጣልያን በሠራው መንገድ ላይ ናት። የተሸነፈ ጦር መሣሪያ እንደ ገለባ ይበትናል፤ መንገድ ዳር ያለ ሰው ደግሞ ይለቅማል። ከለቀሙት አንዱ ወልድያ ገበያ ወጣ፤ አያም በአንድ ወይፈንና በአሥር ማርትሬዛ ገዟት። በካዝናዋ ሰባት፣ በጨርቅ የተቋጠሩ አራት፣ በድምሩ አሥራ አንድ ጥይት ነበራት። አንዷን ሻጩ ለማሳመኛ ተኮሰ። አሥር ቀረች።

ሻጩ ያሳየው ሌላም ነገር ነበር። በጎኗ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 1937 ይላል፤ ከጎኑም በሮማውያን አጻጻፍ አሥራ አምስት አለበት። ከጣልያን ጋር የሠራ አንድ የመንደራችን ሰው አሥራ አምስት መሆኑን አነበበ፤ ምን እንደሚቆጥር ግን አላወቀም። መንደሩ ግን ወዲያው አወቀው፤ «አሥራ አምስት ሰው የገደለች ናት» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሽጉጧ ዋጋ በአንድ ወይፈን ጨመረ። አያ አላሉም፤ አላስተባበሉምም።

ኮሌጅ ገብቼ ነው የገባኝ። አሥራ አምስት የፋሺስቶቹ ዘመን ቆጠራ ነበር። ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን እንደ አዲስ ቆጥረውታል። የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚያው በአሥራ አምስተኛው ዓመታቸው ውስጥ ይወድቃል። ክረምት ለዕረፍት ስሄድ ለአያ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ታዲያ የሞተው ሰው ከአሥራ አምስት በለጠ እንጂ መቼ አነሰ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከአሥሩ ጥይት አንዷ ለጅብ ሄደች፤ አልመቱትም፣ ጅቡ ግን ሄደ። ሁለቱ በአባቴ ሠርግ፣ ሁለቱ በአያቴ ለቅሶ ተተኮሱ። አምስት ሲቀሩ አያ ቆጠራውን አቆሙ። በወሎ ኮርቶ ጥይት የሚሸጥ አልነበረም፤ የምንሽር ቢሆን በየገበያው ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሽጉጧ ተኩስ አልሰማችም። በየወሩ ትፈታለች፣ ትወለወላለች፣ ቅቤ ትቀባለች፤ አንዳንድ አዛውንት ቅቤ አይበጅም ቢሏቸውም አያ ቅቤ የማይበጀው ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። ጥይቶቹ ከምድጃው በላይ ጭስ ይጠጣሉ። በሠላሳኛው ዓመት ላይ ሰው ቢጠይቃቸው «አንድ ቀን እንኳ አልከዳችኝም» ይላሉ። ለመክዳት ዕድል መቼ ተሰጥቷት! ይህን ያኔ የሚላቸው አልነበረም።

ዕድሉ የመጣው በ1965 ክረምት ነው። ያን ዓመት በወሎ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የራያና የየጁ ሰው ወደ አስፋልቱ ወርዶ በመንገዱ ዳርና ዳር ተቀምጦ ነበር፤ ዓለም በፊልም ያየው ከወራት በኋላ ነው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በሬዎቹ አልቀዋል፤ የአያ ሚስት ማርዳዋን ሸጣለች። አንድ ማለዳ አያ ሽጉጧን ከነማኅደሯ አወጡ፤ እኔን አስከትለው በእግር መርሳ ገባን።

ገዢው ከደሴ የመጣ ነጋዴ ነበር። ሽጉጧን በመዳፉ መዘናት፣ በአፈሙዟ ወደ ሰማይ አየባት፣ ቁጥሯን ደባበሰው። ወሬዋን ሰምቷል መሰለኝ «አሥራ አምስቷ እቺ ናት?» አለ። ሁለት ኩንታል ማሽላ እሰጣለሁ አለ። በዚያ ወራት ሁለት ኩንታል ማሽላ ምን ማለት እንደ ሆነ ልገልጸው አልችልም። አያ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ግን ሳትተኮስ አልገዛም፤ ይቅርታ ያርጉልኝ ጋሼ» አለ ነጋዴው።

ሰውዬው አላጠፋም። አምስት ጥይት ያላት ሽጉጥ ናት፤ ጥይት ማግኘት አይቻልም፤ እንግዲህ ዋጋዋ ያለው በጥይቶቹ ነው። ጥይቶቹን ለማወቅ ደግሞ ማጥፋት ያስፈልጋል። ወደ ወንዙ ወረድን። አያ መቆለፊያዋን አዞሩ፤ ምላጯን ሳቡ። ቀጭ አለች።

ከሽፋለች። አያ ጥይቷን አውጥተው ቂጧን አዩት፤ መርፌዋ ደህና አድርጋ ወግታታለች። ጥፋቱ የሽጉጧ ሳይሆን ሠላሳ ዓመት በጭስና በቅቤ የያዝነው የእኛ ነው፤ ባሩዱ ሞቷል። ሁለተኛዋን አጎረሱ። ጮኸች፤ ወንዙ ማዶ ያለው ገደል መልሶ ጮኸ። አያ ፊታቸው በርቶ ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«ከሁለት አንድ» አለ ነጋዴው። «እንግዲህ አንድ ኩንታል።»

አያ ሽጉጧን ወደ ማኅደሯ መለሱ። ለምን እንደ መለሱ ስድሳ ዓመት ሲሞላኝም አልገባኝ ያለኝ ይህ ነው። ኩራት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ግን የተሰደቡት እሳቸው ሳይሆኑ ሽጉጧ መስላቸው ይሆን እላለሁ። ሠላሳ ዓመት የመሰከሩላት ነገር በአንድ ቀጭታ ግማሽ ሲሆን እሳቸውም አብረው ግማሽ ሆኑ። ያለ ማሽላ ተመለስን። የከሸፈችዋን ጥይት አልጣሏትም፤ ከሦስቱ ጋር መልሰው ቋጠሯት።

በመስከረም አያቴንና የአያን የአራት ዓመት ሴት ልጅ ቀበርን። የአያ ሚስት ስለ አንድ ኩንታሉ ቃል ስትናገር አልሰማሁም። ሽጉጧ ለመወልወል በወጣች ቁጥር ግን ተነሥታ ከቤት ትወጣለች።

ከዚያ ወዲህ የሽጉጥ ዋጋ በሌላ ሚዛን ይመዘን ጀመር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ታወጀ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ መሣሪያም ከባላባት እጅ ይወጣ ጀመር። አያ ባላባት ባይሆኑም የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሽጉጥ አለቻቸው። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ፣ አንድ ወይፈንና አሥር ብር ያወጣች ዓይነት ሽጉጥ በሽንት ቤት ጉድጓድ የሚጣል፣ በጓሮ የሚቀበር ሆነ። ረጅም ጠመንጃ ያለው ሰው ለአደን ነው፣ ለከብት ጥበቃ ነው ይላል። ሽጉጥ እንዲህ ዓይነት ሰበብ የላትም። የከተማው ውጊያ፣ በዚያም ወገን በዚህም ወገን፣ የሽጉጥ ውጊያ ነበርና የተገኘበት ሰው የሚጠየቀው ስለ ሽጉጡ ሳይሆን ስለ ነፍሱ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት የአያ የበኩር ልጅ ከደሴ መጣ። የወይዘሮ ስሂን ተማሪ ነበር። ከስቷል፤ ሌሊት ነው የገባው። ራት ቀርቦ ሳይበላ፣

«አያ፣ ጣልያኗን ስጡኝ» አለ።

ምድጃው ዳር ተኝቼ ሰማሁ። ሽጉጧ ከእኔ ራስጌ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ ነበረች። አያ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«መርሳ ላይ ሸጥኳት» አሉ በመጨረሻ። «በክፉው ዓመት። በአንድ ኩንታል ማሽላ።»

ልጁ አላመናቸውም። ወደ እናቱ ዞረ። እሷ እሳቱን እየቆሰቆሰች ቀና ሳትል፣

«አዎ፣ ሸጠዋታል፤ በልተናታል» አለች።

ሳይነጋ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ደሴ ላይ መንገድ ላይ ተያዘ። ሲፈተሽ ምንም አልተገኘበትም፤ አምስት ዓመት ታስሮ ወጣ። ከእሱ ጋር ከተያዙት ውስጥ መሣሪያ የተገኘባቸው አልወጡም። አያ በኋላ እውነቱን ነግረውታል። እሱ ግን አባቱን አላመሰገነም፤ አልወቀሰምም። እሳቸው «ጥይቱን ስላላመንሁት ነው» ይሉታል፤ እሱ «ካመኑት ይሰጡኝ ነበር?» ይላቸዋል። ይህ ክርክር አያ እስከ ሞቱበት እስከ 1988 ድረስ አላለቀም።

በመካከሉ የመሣሪያ ገበያ ሌላ መልክ ያዘ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወታደር ክላሽንኮቩን በምግብና በሲቪል ልብስ ይለውጥ ነበር። ክላሽ እንደዚያ ሲረክስ ሰባት ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥን ማን ይጠይቃታል? ከዚያ ደግሞ ገበያው ተገለበጠ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ድንበር በኩል ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በጭነት መኪና ነዳጅ ጋንና በጤፍ ጆንያ ውስጥ እየተሸጎጡ ሲገቡ ተያዙ፤ ያልተያዘውን ገበያው ያውቀዋል። «ታባንጃ» ከስንት መቶ ዓመት በኋላ በገዛ ትርጉሙ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ወጣ፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስቀጣል። የአሁኖቹን ሽጉጦች የገዙ ወጣቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለ ዋጋዋ፣ ስለ መልኳ፣ በወገብ ስለ አቀማመጧ ነው የሚያወሩት። ትታመናለች ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ሁሉም «የእኔ አትከዳም» ይላሉ። አያን ያየሁ መሰለኝ።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ እኛ መጣ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ሲሪንቃ በእሳት ውስጥ ነበረች። ምርምር ማዕከሉ ተዘረፈ፤ ለዓመታት የተሰበሰበ ዘርና ዕቃ ጠፋ። የአያ ቤት በአንድ ጎኑ ተደረመሰ። በሚያዝያ የአጎቴ ልጅና እኔ ግድግዳውን ልናድስ ሄድን። እሱም ሽበታም ሆኗል። ጭቃውን ሲንድ ከምድጃው በላይ ከነበረው ቦታ በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ሳንፈታው አወቅናት።

ዝጋለች። ቅቤው ደርቆ ሙጫ ሆኖባታል፤ ካዝናዋ አልወጣ አለ፤ አሥራ አምስቱ ግን ይነበባል። ጥይቶቹ ለብቻቸው ናቸው፤ አራት፣ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሱ። የአጎቴ ልጅ በመዳፉ ይዟት ቆየ። የመርሳው ነጋዴ እንዳደረገው አድርጎ መዘናት።

«እቺን ብሎ አንድ ኩንታል!» አለ። ብዙ እንደ ሆነበት ነው ወይስ ትንሽ፣ አልጠየቅሁትም።

በሳምንቱ ይዘናት መሣሪያ የሚመዘገብበት ቢሮ ሄድን። የሚመዘግበው ልጅ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ገለበጣት፣ ሊከፍታት ሞከረ፣ ተወው።

«ትሠራለች?» አለ።

«አባቴ ትሠራለች ይሉ ነበር» አለ የአጎቴ ልጅ።

ልጁ ሳቅ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሽጉጥ፣ ጣልያን ሠራሽ፣ አንድ። ጥይቶቹን በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አንዷ ቂጧ ላይ የመርፌ ነጥብ አለባት፤ በጣቴ አሳየሁትና «ይህቺኛዋ በ1965 የከሸፈች ናት፤ ሦስት ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ሦስቱስ እንደማይከሽፉ በምን አወቁ?» አለና 4 ብሎ ጻፈ።